እሷ ዐረብ ነች

ዳምጤ ስኳሩን ከሚዛኑ ሳህን ላይ አንስቶ መልሶ ጆንያው ውስጥ ገለበጠውና፣ ቀና ብሎ ሳያያት፣ «ያንቺ ድርሻ ተሰርዟል፤ ስኳር ለዜጋ ነው» አላት። አገርነሽ መጀመሪያ የቀለደባት መሰላት። ዳምጤ የሲቀላ ቀበሌ የሕብረት ሱቅ ሻጭ ከመሆኑ በፊት የሷ ደንበኛ ነበር፤ አሁንም ቢሆን ላምባ ከከተማው ሲጠፋ ጠርሙሱን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ በጓሮ በር ብቅ የሚለው እሷ ዘንድ ነው። ሳቅ ብላ ካርዱን ተቀበለችው። ካርዱ ላይ አራት ስም አለ፤ ባሏ ሙቅቢል ሰዒድ፣ ሴት ልጇ አበቡ፣ አባቷ አቶ ኦይታ፣ አራተኛዋ ራሷ። ሦስቱ እንደነበሩ አሉ። የሷ ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ከጎኑ «የውጭ ዜጋ፤ ምዝገባ ክፍል ትቅረብ» የሚል ተጽፏል። ደግማ አነበበችው። የመን የተወለደው፣ ከተማው በሙሉ «ዐረቡ» እያለ የሚጠራው ሙቅቢል የስኳር ድርሻው እንደተከበረለት ነው። ጨንቻ ተወልዳ፣ ጨንቻ አድጋ፣ አርባ ምንጭ ገና ከተማ ሳትባል ወርዳ እዚህ ሱቅ የከፈተችው እሷ ናት የውጭ ዜጋ።

ሰልፉ ጸጥ አለ። ከስኳሩ ይልቅ ያንገበገባት ይህ ጸጥታ ነው። ከፊቷም ከኋላዋም የቆሙት ሴቶች የምታውቃቸው ናቸው፤ ግማሾቹን ሲወልዱ አርሳለች፣ ከግማሾቹ ጋር ለቅሶ ተቀምጣለች። ዛሬ ግን ሁሉም ቁልቁል የየራሳቸውን ጫማ ያያሉ። ስድስተኛ ዓመቱን የያዘው አብዮት ለሰው ካስተማረው ነገር አንዱ ይኸው ነው፤ የሌላ ሰው ስም በቀይ ሲሰመር ጫማህን እይ። አንዷ ብቻ ለጎረቤቷ «ዐረብ ያገባ ዐረብ ነዋ» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማቻት። ዳምጤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩ ከሱ እንዳልመጣ፣ ዝርዝሩ ከሴቻ እንደወረደ፣ የውጭ ዜጎች ምዝገባም ዛሬ እንደሚዘጋና ያልቀረበ ሰው ሱቁ እንደሚታሸግ ነገራት። ከዚያ የሦስት ሰው ስኳር መዘነላት። ጥላለት ልትሄድ አሰበች። ገበያ ላይ ኪሎው አምስት ብር ነው፣ እሱም ከተገኘ። ለነሱ ንዴት ብዬ የልጄን ሻይ ለምን አመርራለሁ ብላ በልቧ እየተሳደበች ተቀበለችውና፣ ስኳሩን በነጠላዋ ቋጥራ ወደ ቤቷ ሳይሆን ሽቅብ ወደ ሴቻ ተነሳች።

አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ ናት። ታችኛው ሲቀላ ገበያና አቧራ ነው፤ ላይኛው ሴቻ ቢሮና ማኅተም። ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ጉዳይ ያለበት ሰው ነው፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ ወይ ጉዳዩ የተፈጸመለት ወይ የተፈጸመበት። ዳገቱ ረጅም ነው፤ የቆላው ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል፤ ከጫሞ ዓሣ የጫነች ፒካፕ አቧራዋን አልብሳት አለፈች። አገርነሽ እየወጣች ማን እንደጠቆመባት ታስብ ነበር። የሱቋን ቦታ የሚመኝ ጎረቤት አለ። ጨው አላስቀደመችኝም ብሎ ያኮረፈ የቀበሌ ጥበቃ አለ። ሙቅቢልን ማግባቷን ሰምቶ ሠርጓ ላይ ያልመጣ የአክስቷ ልጅ አለ። እያንዳንዱን በየተራ ጠረጠረችው፣ እያንዳንዱንም በየተራ በልቧ ሰደበችው፤ ዳገቱ ሲያልቅ የምትጠረጥረው ሰው አልቆ ንዴቱ ብቻ ቀረ።

ምዝገባ ክፍሉ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ክንዱን ያነሳ ወዝአደር ሥዕል። መስኮቱ የሚሸጥ ቢሆን ብዙ ያወጣ ነበር፤ አባያ በአንድ ወገን ቀይ ሆኖ፣ ጫሞ በሌላው ወገን ሰማያዊ ሆኖ፣ መካከላቸው ላይ የእግዜር ድልድይ ተጋድሞ ይታይበታል። ኃላፊው ጓድ ተክለሃይማኖት ግን ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ ካኪው በደንብ የተተኮሰ፣ ፊቱ ላይ ክፋት የማይታይበት ወጣት ነው። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ክፉ ሰው ቢያንስ አንተን ብሎ ነው የሚጎዳህ።

ከሷ በፊት አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከሳውላ የመጡ ዐረብ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት ፓስፖርት ከማርጀቱ የተነሳ ልብስ ይመስላል። ተክለሃይማኖት በጣቱ ጫፍ ገልጦ ፓስፖርቱ የመንን ይገዛ በነበረው በኢማሙ ዘመን የተሰጠ መሆኑን፣ የኢማሙ መንግሥት ደግሞ ከወደቀ መቆየቱን ነገራቸው። ሽማግሌው እሱማ አውቃለሁ አሉ፤ አዲስ አበባ ኤምባሲው ድረስ ሄደው ነበር፣ እኛ አናውቅህም ተብለው ተመለሱ፤ እዚህ ሚስት አለቻቸው፣ የልጅ ልጅ አላቸው። ተክለሃይማኖት በትዕግሥት አዳመጣቸውና፣ ፓስፖርት ያለው ሰው አገር እንዳለው፣ አገር ያለው ሰው ደግሞ ወደ አገሩ እንደሚገባ፣ መመሪያውም ይህ መሆኑን አስረዳቸው። እስከ ወሩ መጨረሻ ይወጣሉ። ሚስት? ሚስትየዋ ዜጋ ስለሆነች ከፈለገች የመውጫ ቪዛ ትጠይቃለች፤ የሚሰጣት ግን አይመስለውም። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ሲወጡ አገርነሽ እግሯን ሰብስባ አሳለፈቻቸው። የሚያለቅሱ መስሏት ነበር፤ የሚስቁ ነው የሚመስሉት።

ተራዋ ደረሰና ካርዱን አስቀመጠችለት። ስሟን ሲያይ ፈገግ አለ። «አገርነሽ? የማን አገር ነሽ?» አላት። ይህን ቀልድ ከዚህ በፊት ያልቀለደባት ሰው የለም፣ ከባሏ አፍ ሲሆን ብቻ ነው ደስ የሚላት። ስህተት አለ፣ እኔ የዚሁ አገር ሰው ነኝ አለችው። ተክለሃይማኖት ከመደርደሪያው የሲቀላን መዝገብ አወጣና ገጹን ፈልጎ አነበበላት። መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ባልና ሚስቱ ገበያ ስለነበሩ ቃል የሰጡት የቤቱ ሽማግሌ ናቸው። የሽማግሌው ቃል እንዲህ ይላል፤ «እሱ የኛ ልጅ ነው። እሷ ዐረብ ነች።» ከሥሩም አውራ ጣታቸው አለበት።

አገርነሽ ያን ጊዜ ገባት። ዳገቱን ሙሉ የሰደበቻቸውን ሰዎች ሁሉ በልቧ ይቅርታ ጠየቀች። አቶ ኦይታ አማርኛን የተማረው ጢሙ ከሸበተ በኋላ፣ ከጨንቻ ወርዶ ሴት ልጁ ቤት መኖር ሲጀምር ነው። ቃሉን ሁሉ ያውቃል፤ እሱና እሷን ግን እስከ ዛሬ ማስታረቅ አልቻለም። በሬው «ጠፋች»፣ ላሟ «ወለደ»፣ አበቡ «ከትምህርት ቤት መጣ»። አማቹን ሲያመሰግን «ሙቅቢል ጥሩ ሰው ነች» ይላል፣ ቤቱም በሳቅ ይሞላል። የኛ ልጅ የተባለው «እሱ» እሷ ናት። ዐረብ የተባለችው «እሷ» ሙቅቢል ነው። አባቷ አንዲት ውሸት አልተናገረም። መዝጋቢዎቹም የሰሙትን ነው የጻፉት። ሙቅቢል ደግሞ ከደጋ ለሚወርዱ ሸማኔዎች ድርና ማግ ሲሸጥ ኖሮ ጋሞኛን ከጋሞ በላይ አሳምሮ ስለሚናገር፣ ሲቀላ ውስጥ እሱን የኛ ልጅ ቢሉት የሚደንቀው መዝጋቢ አልተገኘም።

ዐረቡ ባሌ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ጥርሷ ላይ ሲደርስ የሳውላው አዛውንት ባርኔጣ ታያት። የሙቅቢልም ፓስፖርት የኢማሙ ነው። ሱቁ ውስጥ፣ የብስኩት ጣሳ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ቁጥሩም ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ጨንቻ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዐረብ ነው ባለች ማግስት ያን መዝገብ ይገልጡታል። አፏን መልሳ ዘጋች። ተክለሃይማኖት ጠበቃት። መዝገቡ ላይ «አገርነሽ ኦይታ» የሚለውን አየ፤ «አቶ ኦይታ» የሚለውንም አየ፤ ሁለቱን ስሞች የሚያገናኘውን መንገድ ግን እንዳላየ አለፈው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ስህተት ካለ ተናገሪ፣ አስተካክላለሁ» አላት። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በዚህ ቤት አንድ ዐረብ አለ ተብሎ ወደ ላይ ተልኳል። ቁጥሩ አይቀየርም። የሚቀየረው ማን እንደሆነ ብቻ ነው።»

እጇ ነጠላዋ ውስጥ ያለውን ስኳር ጨብጦ ነበር። ፓስፖርት ጭራሽ የሌለው ዐረብስ እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀችው፣ ለሌላ ሰው እንደምትጠይቅ አስመስላ። እሱማ ይቀላል አላት። ፓስፖርት የሌለውን ሰው ወዴት ይልኩታል? የሚቀበለው የለም። ስለዚህ በየዓመቱ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠዋል። ልጅ ካለ አባቱን ይከተላል፤ ያንቺ ልጅ አባቷ ዜጋ ስለሆነ ዜጋ ናት አላት። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን ይዛ እንድትመጣና ቃላቸውን እንዲያጸኑ አዘዛት። አገርነሽ ዳገቱን በንዴት ቁልቁል ወረደች።

ቤታቸው ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ክፍል ነው። ቆርቆሮው እኩለ ቀን ላይ ይጋላል፤ ክፍሉ ውስጥ አልጋው፣ የአባቷ መደብ፣ የአበቡ ደብተሮች የተደረደሩበት ሳጥን፣ ጥግ ላይ የድር ቁልል። ድር ከጠፋ ሰንብቷል፤ የመንግሥት ንግድ ኮርፖሬሽኑ ሲሰጥ ይሰጣል፣ ሳይሰጥ ሸማኔው ባዶ እጁን ወደ ዶርዜ ይመለሳል። ሙቅቢል የቀረችውን ጥቅል ለሁለት ሸማኔዎች እኩል ለማካፈል ክር በክር ይቆጥር ነበር። ፊቷን አይቶ ሱቁን ዘጋ። ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ ፈትታ ሁሉንም ነገረችው፣ አባቷም እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ቆማ።

ስትጨርስ ውጭ ገበያው ይንጫጫል። ሙቅቢል ተነስቶ የብስኩቱን ጣሳ አወረደ፣ ላስቲኩን ፈታ፣ ፓስፖርቱን ደረት ኪሱ ከተተ። በቀስታ ነው የሠራው፣ ለጸሎት እንደሚታጠብ ሰው።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው።

«ሴቻ። ዐረቡ እኔ ነኝ። በሴት ቀሚስ ውስጥ አልደበቅም፣ አገሬ።»

አገሬ ይላታል፣ ሲያቆላምጣት። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ በሩ ላይ ቆመችበት። ከሄደ በወሩ መጨረሻ እንደሚያስወጡት፣ የሚሄድበት አገር ልጅ ሆኖ የወጣበት እንጂ የሚያውቀው እንዳልሆነ፣ እሷን እንደማይለቋት፣ አበቡ ደግሞ አባት እንደማይኖራት አንድ በአንድ ነገረችው። እሱ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያላወቀችው እሷ ናት፤ ምን እንደሚያሳፍረው አላወቀችም። ዕድሜ ልኬን ዐረቡ ስባል ኖሬያለሁ አላት፤ በስድብም ሲሉኝ ሰምቻለሁ፣ በፍቅርም ሲሉኝ ሰምቻለሁ፤ ይኼ ብቻ ነው ከአባቴ የቀረኝ፣ አሁን እሱንም ልትወስጂብኝ ነው? አገርነሽ ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችው ነገር ያን ጊዜ ገነፈለ።

«የኔን ወስደውብኛል» አለችው። «በቀይ እስክሪብቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ። አንተ ዐረብነትህን ለጥቂት ጊዜ ብታውሰኝ ምን ይጎድልሃል?»

ሙቅቢል በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ፣ ከዚያ ዞሮ ድሩ ላይ ተቀመጠ። ፓስፖርቱን ከኪሱ አላወጣውም፤ ከበሩም አልወጣም።

መደቡ ላይ ያለው አቶ ኦይታ ነው ቀጥሎ የተነሳው። በጋሞኛ ነው የተናገረው፤ በጋሞኛ ሲናገር ሌላ ሰው ነው፣ ጨንቻ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ። ልሂድና ቃሌን ላስተካክል አለ። ጋሞ ጎሜ የሚለው ነገር አለ፤ ሰው ነውር ሠርቶ ሳያስተካክለው ከቀረ በልጁም፣ በከብቱም፣ በዝናቡም ላይ የሚመጣ ጣጣ። ሳላውቅ ያልኩት ስህተት ነው፣ ስህተት ይታረማል አለ፤ አውቄ ዝም ካልኩ ግን ጎሜ ነው፤ ጎሜው ደግሞ የሚይዘው እኔን ሽማግሌውን ሳይሆን ልጅቷን፣ አበቡን ነው። አገርነሽ አባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። አሁን ጮኸችበት። በማያውቀው ቋንቋ ለምን መለሰ? ዝም አይልም ነበር? ባለቤቶቹ ሲመጡ ጠይቁ አይልም ነበር? ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሆነ እሱ ለሰው አይደል እንዴ ሲመክር የኖረው?

ሽማግሌው ጩኸቷ እስኪያልቅ ጠበቀ። «በአማርኛ ጠየቁኝ» አላት። «በቋንቋዬ ቢጠይቁኝ ኖሮ ልጄ ማን እንደሆነ አልሳሳትም ነበር።»

ለዚህ መልስ ያለባቸው ሰዎች እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም፤ ይህ ነው የሚያናድደው፤ ንዴቱን የሚቀምሱት ሁልጊዜ አጠገብህ ያሉት ናቸው። ነጠላዋን አስተካክላ አባቷ ፊት ተቀመጠች። ውሸቱን የጻፉት እነሱ ናቸው፣ ጎሜውም የነሱ ነው አለችው። እኔ ዐረብ ብባል የሚጎድልብኝ ስኳር ነው፣ እሱ ዐረብ ቢባል ግን ቤቱ ይጎድላል አለችው። አቶ ኦይታ አማቹን አየ። ሙቅቢል እጁ ላይ የክር ጫፍ ይዞ ክሩን ያያል። ምሳ ያለ ሰው የለም። ከዚያ ሽማግሌው ዱላውን ከግድግዳው አንስቶ ቀድሟት ወጣ፣ ምን እንደሚል ግን አልነገራትም።

ዳገቱን አብረው ወጡ። እሱ ቶሎ ቶሎ ስለሚያርፍ ብዙ ቆሙ። ያረፈ ቁጥር የምታየው ከንፈሩን ነው፤ ድምፅ ሳያወጣ አንድ ነገር እየደጋገመ ይለማመዳል። እውነቱን እየተለማመደ እንደሆነ ወይም ሌላውን፣ ልታውቅ አልቻለችም፤ ለመጠየቅም ፈራች። እውነቱን ቢናገር ልትቆጣው አትችልም። ይህን እያሰበች ባሏን በልቧ መሰናበት ጀምራ ነበር፤ የትኛውን ሸሚዝ እንደምታጥብለት ሳይቀር።

ጓድ ተክለሃይማኖት ለሽማግሌው ወንበር ሳበላቸው። አክብሮቱ የውሸት አልነበረም፤ ሽማግሌ የሚያከብር ቤት ያደገ ልጅ ነው። መዝገቡን ገለጠና ቃላቸውን እንዲያጸኑ ጠየቃቸው፣ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። «አባባ፣ በዚህ ቤት አንድ ዐረብ አለ። ማነው?»

አቶ ኦይታ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ሴት ልጁን አያት፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ወደ ደጋው፣ ጉም ወደለበሰው ወደ ጨንቻ ተራራ አየ። «እሱ» አለና ቆመ። ዱላውን አጥብቆ ያዘ። «እሱ፣ ሙቅቢል፣ የኔ ልጅ ነው። እሷ ዐረብ ነች።» በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ እያንዳንዱ ቃል በቦታው ገባለት። ከዚያ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ አጠቀሰና፣ ማንም ሳይይዘው፣ ወረቀቱ ላይ አኖረው። ጣቱን ያበሰው በገዛ ጋቢው ነው፤ ነጭ ነበር፣ የዶርዜ ጋቢ። አገርነሽ ልታቅፈው ፈለገች። ባዕድ ሽማግሌ ግን አይታቀፍም።

ተክለሃይማኖት ሥራው ስለቀለለለት ደስ አለው። አዲስ ቅጽ አወጣና የፈቃዱን ደንብ ነገራት። የሱቁ ፈቃድ ከሷ ወደ ባሏ ስም ይዞራል። የመኖሪያ ፈቃዷ በየዓመቱ በዚህ ወር ይታደሳል፤ አንድ ቀን ካሳለፈች ትቀጣለች። ያለይለፍ ወረቀት ከከተማው ክልል አትወጣም። አገርነሽ እስከዚህ ድረስ ራሷን እየነቀነቀች ነበር። ጨንቻም? አለችው። ጨንቻም አላት። እናቷ የተቀበረችው ጨንቻ ነው። ወንድሞቿ ያሉት ጨንቻ ነው፤ ሰው ሲሞት ከኬላ ወዲህ ሆና ነው የምታለቅሰው። የሚጎድልብኝ ስኳር ነው ብላ ነበር። ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ብትቀደው ምን ያህል እንደሚያረካት አሰበች፣ ምን ያህል እንደሚያስከፍላትም አሰበች፣ እጇንም ጭኗ ላይ እንደያዘችው ቆየች።

«የአባት ስም» ብሎ አነበበ።

አባቷ ከጎኗ ቆሟል። ትንፋሹ ይሰማታል፤ ከዳገቱ በኋላ ገና አልሰከነም።

«ካርድሽ ላይ ኦይታ ይላል» አለ ተክለሃይማኖት፣ ቀና ሳይል።

«በስህተት ነው» አለች። «ሰዒድ ነው።» አይታው የማታውቀው ሰው ስም ነው፤ የመን ውስጥ የሆነ ኮረብታ ላይ የተቀበረ የባሏ አባት። ሽማግሌው ዱላውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ተክለሃይማኖት ጻፈ።

ወደ ኢትዮጵያ የገቡበት በር የሚል መጣ። ጨንቻ አለችው። ጨንቻ የጠረፍ በር አይደለም አላት። እኔ የገባሁት በዚያ ነው ብላ ደረቀችበት። ተክለሃይማኖት ጊዜ እንዳያባክን ራሱ «አሰብ» ብሎ ሞላው፤ ዐረብ ሁሉ በአሰብ ነው የሚገባው። አገርነሽ ከአባያና ከጫሞ በቀር ብዙ ውሃ አይታ አታውቅም። ሃይማኖት፣ ሥራ፣ የፊት ምልክት፣ ሁሉም ተጻፈ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አራግፎ፣ «በኢትዮጵያ ለመቆየት ያሰቡት ለምን ያህል ጊዜ ነው?» ብሎ አነበበላት።

እስከዚህች ጥያቄ ድረስ ታግሳ ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ የተተኮሰውን ካኪ፣ ጀርባውን የሰጠውን መስኮት፣ ከጀርባው ያሉትን ሁለቱን ሐይቆች አየች፤ አንድ ቀን እንኳ ዞሮ አይቷቸው ይሆን አለች በልቧ። ከዚያ በጋሞኛ፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ እናንተ እስክትሄዱ ድረስ ነው አለችው።

አቶ ኦይታ ደነገጠ። ከአፏ ሲወጣ ግድግዳው ሁሉ የሰማ መሰለው። ተክለሃይማኖት እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደ ሽማግሌው ዞረና ምን እንዳለች ጠየቀው።

«አንድ ዓመት ይበቃኛል ነው ያለችው» አለ ሽማግሌው።

ተክለሃይማኖት «አንድ ዓመት» ብሎ ጻፈ፣ ማኅተሙን በትንፋሹ አሙቆ ወረቀቱ ላይ መታው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ አናፈሰውና በሁለት እጁ፣ በትሕትና ሰጣት። ደስ ብሎት ነበር።

«ለዐረብ» አላት፣ «ጋሞኛሽ በጣም ጥሩ ነው።»